የእትዬ አየለች ምራቂ

የልጅ ልጄ ቤዛ ባለፈው ሳምንት ከጅቡቲ ተመለሰች። የምትሠራው ከባድ መኪና የሚያሰማራ አንድ ነጋዴ ዘንድ ነው፤ ለጉዳይ ወደቡ ድረስ ልኳት ነበር። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ አጠገቤ ቁጭ ብላ በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ታሳየኝ ጀመር፤ ባሕሩን፣ የቅዳሜውን ገበያ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በአምፖል የሚደምቀውን የማታ ገበያ፣ እንደ ማገዶ የተደረደረውን ዓሣ። ግማሹን አላየሁትም። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ መነጽሬን ስፈልግ ነበር።

«ይቺን ሴትዮ እያት አባባ» አለችኝ። «አንድ ኪሎ ቲማቲም መዝኚልኝ አልኳት። ሚዛኑ ትንሽ አለፈ። ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? አንዷን ቲማቲም አንስታ ወደ ክምሩ መለሰቻት!»

ሳቅሁ። በኔ ዕድሜ ሳቅ በሳል ነው የሚያልቀው፣ ሳሉም በውኃ፣ ውኃውም ወደ ጓሮ በመመላለስ፤ ስለዚህ ከመሳቄ በፊት አስብበታለሁ። ያን ቀን ግን ሳላስብ ሳቅሁ።

«ምራቂም የለ በያኛ!»

«ምራቂ ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቷ የዲላ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ከገበያው ጀርባ ነው። ግን ያደገችው በሚዛን ዘመን ስለሆነ አልፈርድባትም። ሻጯ ለክታ ከጨረሰች በኋላ ገዢው «መርቂልኝ» ሲላት ከእጇ የምትጨምርለት እፍኝ ነው አልኳት። «ካላላትስ?» አለችኝ። ሳይላትም የምትጨምር አለች አልኳትና ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ነገሩ ከባድ ሆኖ ሳይሆን ረጅም ስለሆነና ስለደከመኝ ነው። ሰው ሲያረጅ የሚደክመው ከመሄድ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ከማስታወስም ይደክማል። እነሆ ትንሽ አረፍ ብዬ ልጻፈው።

በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጢሙ ልውጣ ወይስ ልቅር እያለ የሚያመነታበት ጎረምሳ ነኝ። ትምህርትና እኔ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ተለያይተናል። እኔ አልጠላኋትም ነበር፤ እሷ ናት የተወችኝ። ከዚያ ወዲህ ዲላ ከነበሩት የቡና መጋዘኖች በአንዱ ጆንያ እሸከማለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የመጣው ከዱመርሶ ነው። መሬቱ የጌቶች፣ ድካሙ የኛ በሆነበት ጊዜ «ድርሻዬን ይዤ ወጣሁ» ይል ነበር፤ ድካሙን ማለቱ ነው። የሚሲዮን ሰዎች ስፌት አስተማሩት። እሱም ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ከጠዋት እስከ ማታ ይረግጣል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ሁለት ወንዶች ብቻ ያሉበት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጠብ የለም፣ ጨዋታም የለም። አንዱ ወገቡን ይዞ ይገባል፣ ሌላው ትከሻውን ይዞ ይገባል፣ የተገኘውን በልተው ይተኛሉ። አባቴ ደግሞ ክር በጥርሱ ሲበጥስ፣ መርፌ በጥርሱ ሲይዝ ዕድሜውን ስለፈጀ የፊት ጥርሶቹ አልቀዋል፤ የቀሩትም ለሕመም ካልሆነ ለሥራ አይነሱም። ዳቦ በሻይ እያራሰ ነበር የሚበላው። እኔ ግን አጥንት የምቆረጥም ነበርኩ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

ምግብ መግዛት የኔ ሥራ ነው። ጎረምሳ ዘንቢል አንጠልጥሎ ጉልት መውረዱ ያን ጊዜ ዲላ ውስጥ መሳቂያ ነበር። «ኧረ ሴቶች ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እመቤቲቱ መጣች!» ትላለች አንዷ። «ዛሬስ ምን ልትሠሪ ነው እቱ?» ትላለች ሌላዋ። መጀመሪያ ሰሞን ዘንቢሉን ኮቴ ሥር ሸጉጬ እሄድ ነበር። ሆዴ ተነፍቶ እርጉዝ መስዬ ስታይ ሳቁ ባሰና ተውኩት።

የማታው ጉልት ወደ ለገዳራ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው የሚዘረጋው። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። ከይርጋጨፌ በኩል የሚመጡት የጭነት መኪናዎች መንገዱን አቡክተውታል፤ አየሩ የእሸት ቡና ገለባ ኮምጣጣ ሽታ አለው። ከመጋዘን ስወጣ ጉልበቴ የኔ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው የሚያወርደኝ። ሴቶቹ ኩራዛቸውን ነፋስ እንዳያጠፋው በቁራጭ ቆርቆሮ ከልለው በመስመር ይቀመጣሉ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀርበው ሲያዩት ከያንዳንዱ ኩራዝ ኋላ አንዲት የደከመች ሴት አለች።

እትዬ አየለች ከመስመሩ ጫፍ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ጎመንና ቆጮ ሸጣ የምታድር ሴት። አጠገቧ ልጇ ደመቀች። የደመቀችን መልክ አልገልጽም፤ ዛሬም በሕይወት አለች፣ ብገልጻት ትስቅብኛለች። ጎመኑን እጇን ሳታይ ማሰሯን፣ ሰው ሲዋሽ ደግሞ አንድ ቅንድቧን ብቻ ማንሳቷን ልናገርና ይብቃኝ። እኔ ፊቷ በቆምኩ ቁጥር ያ ቅንድብ ወርዶ አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ምራቂ አንድ የበሰለ ሙዝ ነው። አልጠየቅሁም። ጎመኔን ገዝቼ ዘንቢሌን ሳነሳ እትዬ አየለች ሙዙን ከላይ ጣል አደረገችው።

«አባትህ ደኅና ናቸው?» አለችኝ።

«ደኅና ናቸው።»

«ጥርሳቸውስ?»

«ያው ነው።»

እያደር ምራቂው አደገ። አንድ ቀን ፓፓያ፣ አንድ ቀን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አይብ፣ አንድ ማታ ደግሞ ቡላ። ቡላ የእንሰቱ ምርጥ ነው፤ ነጩ፣ ለአራስና ለክቡር እንግዳ የሚቀመጠው። ያን ማታ ዘንቢሉን እኔ አልተሸከምኩትም፣ እሱ ነው እኔን ተሸክሞ ቤት ያስገባኝ።

የመጋዘን ጓደኛዬ ሽፈራው በሴት ነገር ጠቢብ ነኝ የሚል ሰው ነበር። ማስረጃው ሚስቱ ጥላው መሄዷ ነው። በማግስቱ ነገርኩት።

«ምን መረቀችህ?» አለ ጆንያው ጀርባው ላይ እንዳለ።

«ቡላ።»

ጆንያውን አወረደ። «ቡላ? ጎመን ለገዛ ሰው?»

«በኮባ ጠቅልላ።»

«አንተ ሞኝ፣ አልቆልሃል እኮ! እናት ለአማቿ ካልሆነ ለማን ቡላ ትመርቃለች? ልጅቷን ሰጥተውሃል፤ አንተ ነህ ያልሰማኸው።»

አመንኩት። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው የሚያምነውን አይመርጥም። «አባትህ ደኅና ናቸው?» ማለቷም ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ አማት የአማቿን ዘር አትጠይቅም እንዴ?

አባቴም ተለወጠ። ዱሮ ከሥራ ሲገባ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘረጋ የነበረው ሰውዬ፣ አሁን እኔ እስክመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ዛሬስ?» ይላል። ዘንቢሉን እከፍትለታለሁ። አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ያይና ጢሙን ይዳብሳል። የቡላውን ገንፎ እኔ አገነፋለሁ። ጓጓላው የሚታኘክ ነበር፤ ግን አባቴ ጓጓላውን እየመረጠ ወደ ዳር እየገፋ ለስላሳውን ቀስ ብሎ፣ እንዳያልቅበት እንደሚፈራ ሰው ይበላል። እኔ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ አየዋለሁ። ደስታው ልጁ ትዳር ሊይዝ ስለሆነ ነው እል ነበር በሆዴ። ራሴን ይህን ያህል አሞኝቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ደግሜያለሁ።

ቅዳሜ ሌላ ነው። ከቡሌ ደጋ ገብስና ነጭ ሽንኩርት፣ ከኮንጋና ከኢዲዶ ቡናና ማር፣ ከቆላው ማንጎና ሸንኮራ በአህያ ጀርባና በሰው ጀርባ ይመጣል። የቅዳሜ ገበያ ማለት በአጭሩ አውራጃው ሁሉ ጀርባውን የሚያሳርፍበት ሜዳ ነው። አንድ ዶሮ በጌዴኦኛ ተጠይቆ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ይሸጣል። እናትና ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉልቱ ተነስተው ሜዳው ላይ ቆጮ ተራ ነበር የሚቀመጡት። እኔም ካኪ ሸሚዜን አጥቤ፣ ጠጉሬን ቅቤ ቀብቼ፣ ምንም ሳልገዛ በቆጮ ተራ ስመላለስ እውላለሁ። በፀሐይ ቅቤው ቀልጦ አንገቴ ላይ ሲወርድ ዝንቦቹ ከቆጮው ይልቅ እኔን ይመርጡ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጠራኝ። በእጁ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ የሰፋው፣ ውስጡ ጥጥ የታጨቀ መቀመጫ ይዟል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለው፣ ካኪ፤ የዲላን ሰው ልብስ ሁሉ ከዚያ መቀመጫ ላይ ማወቅ ይቻላል።

«ይህን ለዚያች ሴትዮ አድርስ» አለኝ ወደ ሌላ እያየ። «መሬት ላይ ነው የምትቀመጠው። ብርድ ወገብ ይይዛል።»

አባቴ ገብቶታል አልኩ። ለአማቶቼ ስጦታ መላክ ጀመረ! እየሮጥኩ ሄድኩ። መቀመጫውን ለማን ሰጠሁ? ለደመቀች።

«ለኔ ነው?» አለች፣ ቅንድቧ ወዲያው ተነሳ።

«አዎ። አባቴ ነው የሰፋው።»

«አባትህ ለኔ?»

እትዬ አየለች እጇን ዘረጋች። ተቀበለች፣ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ከሥሯ አደረገችው፣ ተቀመጠችበት። ያን ቀን ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ገዢው የጠራውን ሁሉ እሺ አለች። ደመቀች እናቷንም እኔንም አየች። እኔ ደግሞ «አማቴን አስደሰትኳት» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ መታገሥ አልቻልኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ መልስ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ነው፤ መኪናው ሲንጣጣ ይሰማል።

«ሐጂ፣ ሽማግሌ ልልክ ነበር። እርስዎ እንዲሄዱልኝ።»

«ማሻአላህ! ጢም አወጣህ እንዴ?» ጎንበስ ብለው አገጬን አዩ። «አላወጣህም። ግድ የለም። የማን ልጅ ናት?»

«የእትዬ አየለች። ጉልት ላይ ጎመን የምትሸጠዋ።»

ሐጂ የያዙትን አቡጀዲ አጥፈው አስቀመጡ። መልሰው ዘረጉት። እንደገና አጠፉት።

«ስማ ታደሰ» አሉኝ በዝቅታ። «ለዚያ ቤት ሽማግሌ ሁንልኝ ያለኝ ሌላ ሰው አለ። ከጸሎት ቤታችሁ ሽማግሌዎች ጋር እሑድ ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ለልጅቷ አይደለም። ለእናቷ ነው።»

«ማነው የላከዎት?»

በአገጫቸው ወደ በረንዳው ጠቆሙ። መኪናው ይንጣጣል።

መጀመሪያ የገባኝ ሙዙ ነው። ከዚያ ፓፓያው፣ አይቡ፣ ቡላው፤ በመጣበት ተራ። ያ ሁሉ ዘንቢል፣ ያ ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት። እኔ ተሸካሚ ነበርኩ። ቀን በመጋዘን፣ ማታ በፍቅር፤ በሁለቱም ዕቃው የሰው ነው።

«ያንተን ነገር ብነግረው» አሉ ሐጂ «ወላሂ ዛሬውኑ ይተወዋል። አንድ ቃል አይናገርም፣ ታውቀዋለህ። አባት እናቲቱን አግብቶ ልጅ ልጅቷን ሊያገባ አይሆንም፤ እህትህ ትሆናለች። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትቀራላችሁ። ልንገረው?»

«ትንሽ ላስብበት» አልኩ።

ስወጣ አባቴ ከመኪናው ቀና አለ። «ምን ሆነሃል? ትከሻህ ነው?»

«አዎ፣ ትከሻዬ ነው።»

ያን ማታ ጉልት አልወረድኩም። ድልድዩ ላይ ተቀምጬ ለገዳራ ሲፈስ አየሁ። የቡና ገለባ ይዞ ስለነበር እሱም የደከመው ይመስላል። ይነገረው አልኩ። ወጣት እኔ ነኝ፣ ጥርስ ያለኝ እኔ ነኝ፣ እሱ አንዴ አግብቷል። ይህን ሁሉ ለወንዙ አስረድቼ ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ቤት ገባሁ።

አባቴ በር ላይ ነበር። «ዛሬስ?»

ዘንቢሉን ከፈትኩ። አንገቱን አስግጎ አየ። የዘንቢሉን ጠርዝ በጣቱ ገለጥ አድርጎ ደግሞ አየ።

«አልወጣችም?»

«እኔ ነኝ ያልወረድኩት። ደክሞኝ።»

«ደግ አደረግህ» አለ። «ሰው ሲደክመው ማረፍ ነው።» ከትናንት የተረፈ የደረቀ ቂጣ አነሳና ውኃ ውስጥ ነከረው። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቂጣው እስኪርስ ይጠብቅ ጀመር። አልተቆጣም፣ አላዘነም፤ መጠበቅ የለመደ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ የሚደክመው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ሰውዬ ጀርባ ያን ማታ ነው ያየሁት፣ እንደ መርፌ ቁልፍ ጎብጧል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ስንት ምሽት እንዲህ ቂጣ ሲጠብቅ እንዳመሸ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

ዘንቢሉን መልሼ አነሳሁ።

«ወዴት ነው?»

«ጎመን አልቋል» አልኩ።

ጉልቱ ሊበተን ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው ኩራዝ ጠፍቷል። የእትዬ አየለች ግን ይበራል። ምንም ሳትጠይቀኝ የተጠቀለለውን ቡላ ከጉያዋ አውጥታ ዘንቢሌ ውስጥ አስቀመጠች፤ ጎመኑን መግዛትም ረሳሁ፣ መሸጡንም ረሳች። ደመቀች እስከ መንገዱ ልሸኘው ብላ ተነሳች።

«ዘገየህ» አለችኝ። «እናቴ ዘይቱን ጨረሰችው።»

«ደመቀች፣ ይህ ቡላ ለማን ነው?»

ቅንድቧ ተነሳ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ።

«አታውቅም ነበር?»

«ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

«አንተ ደግሞ! ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አይብ፣ ቡላ፤ ይህ ሁሉ ጥርስ ላለው ሰው ነው? ቀሚሷን ልታሰፋ ሄዳ ዳቦ በሻይ ሲያርሱ ካየቻቸው ጊዜ ጀምሮ ነው እኮ። እኔማ አውቀህ የምታመላልስላቸው መስሎኝ፣ እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው እል ነበር።»

ደግ ልጅ! ሞኝነቴን ባወቅሁ ዕለት ደግ ከመባል የባሰ ሸክም አላጋጠመኝም፤ ኩንታል ቡና ይሻላል። እሷም ሳትስቅ አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም። ዕቃዋን ከምትሰበስበው ሸንኮራ ሻጭ ዘንድ ሄዳ አንድ ቁራጭ ሸንኮራ ይዛ ተመለሰች።

«እንካ» አለችኝ። «ይህ ላንተ ነው። ጥርስ አለህ አይደል?»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። ቡላውን ተሸክሜ፣ ሸንኮራውን እየቆረጠምኩ ዳገቱን ወጣሁ። በማግስቱ ለሐጂ «ምንም አይንገሩት» አልኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና «አላህ ይስጥህ» አሉኝ፤ ከዚያም «አይዞህ፣ ጢሙም ይመጣል።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ እትዬ አየለች መቀመጫዋን ይዛ ቤታችን ገባች፣ ደመቀችም ተከትላት። ቤታችን ጓጓላ የሌለው ገንፎ አየ፤ አባቴ ሲዘፍን ሰማሁት፣ ድምፁ ለካ አስቀያሚ ኖሯል። እኔ ቤቱ ጠበበ በሚል ሰበብ ሽፈራው ዘንድ ገባሁና ጠብሰቅ ያለ ምክሩን በጥሬው ስሰማ ከረምኩ። ደመቀች ኋላ የወናጎ አስተማሪ አገባች። እኔም አገባሁ፤ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና ምራቂ የማትሰጥ፣ የለካችውን ግን የማታጎድል ሴት ነበረች። አባቴ እስኪሞት ነገሩን አልሰማም። ወይም ሰምቶ ዝም ብሎ ይሆናል፤ የኛ ቤት ወንዶች በዝምታ አንታማም።

በዕድሜዬ ብዙ ተሸክሜያለሁ። የተሸከምኩት አብዛኛው የሰው ነው፤ አድራሻውንም ያወቅሁት ካደረስኩ በኋላ ነው። ዛሬ ዕቃ አልሸከምም፣ ራሴን መሸከም በቂ ሥራ ሆኗል። ጥርሶቼም አባቴን ተከትለው ሄደዋል።

ደመቀች ባሏ ከሞተ ወዲህ ዲላ ተመልሳ ከገበያው በታች ነው የምትኖረው። እህቴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዛ እሷ ዘንድ ጎራ ትልና የላከችልኝን ይዛ ትመጣለች። ቤዛ ዛሬም መጣች፤ በር ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር።

«ዛሬስ?» አልኳት አንገቴን አስግጌ።

በኮባ የተጠቀለለ ቡላ አለ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ቁራጭ ሸንኮራ።

«ጥርስ እንደሌለኝ አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«‹አውቃለሁ፣ ይዞት ይቀመጥ› አለች።»

ቤዛ ጓዳ ገብታ ቡላውን እያገነፋች ነው። እያንኳኳች ስታማስል ስሰማ ጓጓላ እንደሚኖረው ታውቆኛል። እኔ እዚህ ሸንኮራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።